ለእኔ ያስቀረሽው ቅጠል

ብርቄ፣ የኔ እመቤት፣

ከተለየሽኝ ወዲህ ቡናው አበበ፤ አሁን ፍሬ ይዟል። ላሚቱ ወልዳለች፤ ጥጃዋ ቀይ ናት። በጓሮ በኩል የወደቀውን አጥር አስጠግኜዋለሁ። እኔም እንደ ልማዴ ከዲላ ወሬ እየለቃቀምኩ ለአዲስ አበባው ጋዜጣ እልካለሁ። ስላንቺ ግን እስከ ዛሬ አንድ መስመር እንኳ አልጻፍኩም። ይኸው አሁን ላንቺው ስጽፍ፣ ሌላውም ያንብበው ብዬ ነው።

አባትሽ በአገራችሁ በወርቃ የታወቁ መድኃኒት አዋቂ ነበሩ። መድኃኒቱን ላንቺ በነገሩሽ ቀን እጃቸውን ታጠቡ፤ ከዚያ ወዲያ አንድም ቅጠል አልቆረጡም። ደንቡ እንዲያ ነው። መድኃኒቱን ለሌላ የነገረ ሰው እጁ ይዘጋል፤ እሱ ቢቀምመው አይሠራም። የሚነገረውም ለልጅ ነው። እኛ ደግሞ ልጅ አልተሰጠንም።

ከአዲስ አበባ ኮሌጅ ለዓመት አገልግሎት ዲላ የመጡት ተማሪዎች በሥራ ቀን ትምህርት ቤት ያስተምሩ ነበር። ሰናይት የምትባለዋ ሆዷን አሟት መጥታ ካዳንሻት በኋላ ጓደኞቿን አስከትላ፣ እትዬ ብርቄ ያስተምሩን እያለች ደጃችንን መመላለስ ጀመረች። ብዙ ቀን አሰብሽ። ከዚያ አንድ ቅዳሜ ጠዋት ይዘሻቸው ወደ እንሰቱ ገባሽ። ቅጠል ሊቆርጥ የሚሄድ ሰው ቆርጦ እስኪመለስ ከማንም ጋር አይነጋገርምና፣ እነዚያ ወሬኞች ልጆች ትንፍሽ ሳይሉ ከኋላሽ ተሰልፈው ሲሄዱ ሳይ ሳቄ ያመልጠኝ ነበር። ቅጠሉን በአሮጌ ጋዜጣዬ መሃል አድርገው ሲያደርቁትም፣ በስተርጅና ጋዜጣህ ለቁም ነገር ዋለ አልሽኝ።

ወንድምሽ ከወርቃ ድረስ መጥቶ፣ የአባታችንን ቅጠል እንደ ጎመን ገበያ አወጣሽው ብሎ ጮኸብሽ። አንቺም፣ ታዲያ ለማን ልንገር፣ ለእንሰቱ? አልሽው። እሱ ከሄደ በኋላ ማልቀስሽን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ።

አንዱን ቅጠል በነገርሻቸው ቁጥር እጅሽን ትታጠቢ ነበር። ከዚያ በኋላ በዚያ በሽታ የመጣውን ሰው ወደ ሰናይት ትመሪዋለሽ፤ እሷ ትቀምማለች፣ አንቺ ዳር ቆመሽ ታያለሽ። እንዲህ እያልሽ ሁሉንም ሰጠሻቸው፤ አንዱ ሲቀር። እሱም የእኔ የአስም መድኃኒት ነው። ሲጠይቁሽ፣ ይሄ የባለቤቴ ነው፣ ለእሱ እጄ ክፍት ይሁን አልሻቸው። እኔም ቢሆን እንዳላየው ስትወቅጪ ፊትህን ወደ ግድግዳው አዙር ትይኝ ነበር። ያን ሁሉ ዘመን የሙቀጫሽን ድምፅ እየሰማሁ ጠጣሁት። ሽታውንና ምሬቱን እንጂ መልኩን አላውቅም።

ድንገት የያዘሽ ትኩሳት መጀመሪያ የወሰደው አንደበትሽን ነው። ሐኪሙም አልቻለውም። በመጨረሻው ቀን የሰናይትን እጅ ይዘሽ ወደ ጓሮው በር ትጎትቻት ነበር። ልታሳያት እንደፈለግሽ ገባን፤ ግን ከአልጋሽ መነሳት አልቻልሽም። በጓሮሽ ከእንሰቱና ከቡናው ሥር ስንት ዓይነት ቅጠል እንዳለ አንቺ ታውቂዋለሽ።

ከቀብርሽ በኋላ ልጆቹ አልተዉኝም። ቅዳሜ ጠዋት ድምፅ ሳያሰሙ ይገቡና የቆረጡትን በመዳፋቸው አሽተው አፍንጫዬ ሥር ያቀርቡልኛል። እኔም አንቺ እንዳዘዝሽኝ ላላየው ዓይኔን ጨፍኜ አሸታለሁ። አይደለም እላቸዋለሁ። ደረቴ ሲያፍነኝ የጤና ጣቢያው መርፌ ያስታግስልኛል። ግን እውነቱን ልንገርሽ፣ አይደለም ባልኩ ቁጥር ውስጤ ደስ ይለው ነበር። ያ ቅጠል እስካልታወቀ ድረስ እጅሽ ለእኔ እንደተከፈተ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ሰናይት ከጓሯችን ግርጌ ካለው ምንጭ ዳር አንድ ቅጠል ይዛ መጣች። የአገልግሎት ጊዜዋ አልቆ ሰኞ ወደ አዲስ አበባ ልትመለስ ነበር። ገና ሳታሸው ሽታው ደረሰኝ፤ ቅጠሉን ቋጥረሽ የምታመጪበት የነጠላሽ ጫፍ ሽታ ነው። አይደለም ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። እሷ ከሄደች የሚፈልገው የለም፤ ቅጠሉም ያንቺና የእኔ ብቻ ሆኖ ይቀራል። ያኔ እጇን ይዘሽ ወደ በሩ ስትጎትቻት ታየኝ። ነው አልኳት።

ውኃ ቀዳሁና ባንቺ ፈንታ እጄን ታጠብኩ።

ልጅቷ ሙቀጫሽን አውጥታ መውቀጥ ስትጀምር ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ጋሼ፣ አሁን ከማን ሊደበቅ ነው? ዞር ይበሉ እንጂ አለችኝ። አልዞርኩም። አንቺ እያረፍሽ ነበር የምትወቅጪው፤ እሷ ትቸኩላለች። ምሬቱ ግን ያው ነው።

አቀማመሙን እዚሁ ዲላ ሊያስተምር ለቀረው ጓደኛዋ አሳይታው ሰኞ ሄደች። እጅሽ ተዘጋ ብርቄ፤ አሁን ዕረፊ። ቅጠሉን ሌሎች ይወቁት፤ እኔ አላየሁትም፣ አላየውምም። ደረቴ ባፈነኝ ቁጥር ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ፣ ወቅጠሽ እስክትጨርሺ እጠብቃለሁ።