ጎመኑ እና የዋዳ እግሮች

ሰኞ

ዛሬም ከጉድጓዱ ብቻውን መውጣት አልቻለም። ሁለቴ ሞከረ። በሦስተኛው ጉልበቱ ከዳውና ድሩ ላይ ተደፋ። ብብቱን ይዤ አወጣሁት። ባሌ ዋዳ ሸማኔ ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጦ፣ እግሩን ወደ ውስጥ ሰድዶ መርገጫውን ሲረግጥ ኖሯል። አሁን ከዚያው ጉድጓድ እንደ ሕፃን አነሣዋለሁ።

ጎመን ከጀመርን አምስተኛ ሳምንታችን ነው። የጤና ጣቢያዋ ሲስተር ያለችውን እንዳልረሳው ልጻፈው፦ በየቀኑ ጎመን ወይም ቆስጣ፤ ሲገኝ ቀይ ሥር፤ ከባቄላ ወይም ከምስር ጋር። ጠዋትና ማታ ከበርጩማ አሥር ጊዜ መነሣትና መቀመጥ። «ቅጠላ ቅጠል የሚያዘወትር ሰው እግሩ ይበረታል ይባላል» አለችው። «ግን ቃል አልገባልዎትም። ሕመሙ ሌላ ከሆነ ጎመን ብቻውን አይመልሰውም።» እኔ የመጀመሪያውን ብቻ ሰምቼ ወጣሁ።

ማክሰኞ

ከበርጩማው አራት ጊዜ ተነሣ። ባለፈው ሳምንት ስድስት ነበር። ምናልባት ስቆጥር ተሳስቼ ይሆናል።

ጎመኑን ሲያይ ፊቱን ያዞራል። «የሚረግጥ ሰው ሥጋ ነው የሚበላው» ይላል። ጾም ስለሆነ ሥጋ የለም፤ ጾም ባይሆንም የለም። ጋሞ፣ አገሩ እያለ፣ ሀለኮ የሚሉትን የዛፍ ቅጠል ከበቆሎ ጋር እየበላ እንዳደገ የነገረኝ ራሱ ነው። ይህን አነሣሁበት። «ያኔ ልጅ ነበርኩ» አለኝ።

ግን በላ። ሳህኑን ጨረሰ።

ረቡዕ

የሸማኔዎች ማኅበሩ ሊቀ መንበር መጣ። ቁጭ በል ብንለውም እምቢ አለ።

«ጋሽ ዋዳ፣ ክር የሚታደለው ለሚሠራ አባል ነው። ይህ ድር እስከ ቅዳሜ ካላለቀ ክሩንም ዕቃውንም ለሌላ ሰው እንሰጣለን። የስብሰባ ውሳኔ ነው፣ የእኔ አይደለም።»

ክፉ ሰው አይደለም። ሲወጣ የዋዳን እግር አየ፤ እኔን ግን ቀና ብሎ ማየት አልቻለም።

ልጃችንን ለብሔራዊ ውትድርና ከወሰዱት ወዲህ እዚህ ቤት ሌላ የሚሸምን የለም። በእኛ ዘንድ ሴት ትፈትላለች እንጂ አትሸምንም። ዋዳ ቀኑን ሙሉ ግድግዳውን ሲያይ ዋለ።

ሐሙስ

የጓሮዬን ጎመን የጎረቤት በግ ጨረሰው። ከሽሮ ሜዳ እስከ ሸጎሌ በእግሬ ሄጄ ቆስጣ አገኘሁ፤ ጠውልጓል፤ ቢሆንም ገዛሁት።

ዳገቱን ስመለስ አንድም ቦታ አላረፍኩም። ድሮ ሁለት ቦታ ቁጭ እል ነበር። ለካ እኔም አምስት ሳምንት ያንኑ ሳህን አብሬው ስበላ ከርሜአለሁ። ደስ ሊለኝ ሲገባ አፈርኩ። የእሱን ድርሻ የበላሁበት መሰለኝ።

ለዋዳ አልነገርኩትም።

ዓርብ

ጤና ጣቢያ ሄድን። ሲስተሯ ጉልበቱን መታ መታ አደረገች። ዓይኑን አስጨፍና እግሩን በመርፌ ነካ ነካ አደረገችው። የቀኙ አልተሰማውም። «አልነካሽኝም እኮ» አላት። ሆስፒታል እንዲታይ ወረቀት ጻፈችለት።

እኔን ለብቻዬ ጠራችኝ። «ነርቩ ሳይሆን አይቀርም። ምግቡን አታቋርጡ፤ የቀረውን ጉልበት ያቆይለት ይሆናል። ግን እንደ ድሮው ይረግጣል ብዬ አላታልልዎትም።»

ዋዳ ትከሻዬን ይዞ ወደ ቤት መጣ። ምን እንዳለችኝም አልጠየቀኝም። ማታ ያንኑ ቆስጣ አቀረብኩ፤ ሌላ የማደርገው ስላጣሁ።

ቅዳሜ

ጠዋት ዋዳ በርጩማውን ወደ ጉድጓዱ ጠርዝ አስጠጋና ተቀመጠ። «ግቢ» አለኝ።

«የት?»

«ጉድጓዱ ውስጥ። ሐሙስ ዳገቱን ስትወጪ በር ላይ ሆኜ አይቼሻለሁ። እግርሽ ደህና ነው። እጅሽን እኔ አስተምረዋለሁ።»

«ሰው ምን ይለናል?»

«ሰው ክር አይሰጠንም» አለ።

ገባሁ። እግሬ መርገጫውን ቶሎ ለመደው። እጄ ግን መወርወሪያውን ደጋግሞ ጣለው። ክር በጠስኩ። እሱ ይቆጣል፤ ጎንበስ ብሎ ይቋጥርልኛል፤ እንደገና ይቆጣል። እስከ ቀትር አንድ ክንድ የሚሆን ጨርቅ ወጣ።

ከሰዓት በኋላ ሊቀ መንበሩ መጥቶ ጉድጓዱ ውስጥ አገኘኝ። «ወይዘሮ በየነች፣ ይህ ምንድን ነው?»

«ሽመና ነው» አልኩት።

«ማኅበሩ ሴት አባል የለውም።»

«ስብሰባ ላይ ሴት እኩል ናት እያልክ የምታስጨበጭበን አንተ አይደለህም?» አለው ዋዳ።

ሰውዬው ጨርቁን ዳበሰ። ጠርዙ ጠማማ ነው፤ እኔም አውቃለሁ። «ይህን ማንም አይገዛም» አለ። በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ። «ማክሰኞ ስብሰባ ላይ አነሣዋለሁ። ይሆናል ብላችሁ ግን አትጠብቁ።» ክሩን ሳይወስድ ሄደ።

እሑድ

ወሬው ከእኛ ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን ደርሷል። ከዋዳ ጋር ያደጉ ሁለት ሸማኔዎች ሰላምታውን ሳይመልሱ አለፉት። ክንዴን አጥብቆ ይዞ ቆመ፤ የያዘኝ እንዳይወድቅ ይሁን በሌላ ምክንያት አላውቅም።

ቤት ስንገባ «ነገ ያንን ጠማማውን ፈትተን እንደገና እንሠራዋለን» አለ። «እንሠራዋለን» ነው ያለው። ስብሰባው ምን እንደሚወስን አላውቅም። እግሩ እንደማይመለስ ግን አሁን ሁለታችንም እናውቃለን።

ከትናንት ጀምሮ ጭኖቼ ያቃጥሉኛል፤ ደረጃ እንኳ መውረድ አቅቶኛል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ማታ ማታ ጭኑን ሲያሽ አየው ነበር፤ አንድ ቀን እንኳ ምን እንደሚሰማው ጠይቄው አላውቅም።