ሲሞቅ የሚጠፋ ሞተር

ይድረስ ለልጄ ለዘማርያም መዝገቡ፣ ጂንካ።

ልጄ ሆይ፣ ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። ጤናህ እንዴት ነው? በክረምት የሚነሣብህ ሳል ለቀቀህ? የዚያ አገር ሙቀት ተስማማህ? እህል ይበላልሃል? ስትታመምስ ውኃ የሚያቀብልህ ሰው አለ? ይህን ሁሉ የምጠይቅህ ለወግ አይደለም። ሦስት ዓመት ሙሉ ስደውል ስልኩን አታነሣም፤ ስለዚህ የማላውቀው ብዙ ነው። የጎረቤታችን የዘይነባ ልጅ ሀሊማ እዚያው በነርስነት ተመድባ የለ? በጥምቀት ሰሞን በፈቃድ መጥታ፣ እንጨት መሰንጠቂያ ቤት ውስጥ እንዳየችህ፣ ክፉኛ እንደ ከሳህ፣ የቤቱን መኪና ንዳ ቢሉህ መሪ አልጨብጥም እንዳልህ ነገረችኝ። ይህን ደብዳቤ በእጇ ልኬልሃለሁ። «ወላሂ እትዬ፣ እጁ ላይ ሳላኖር ሥራ አልገባም» ብላኛለች።

እኛ ለፈጣሪ ምስጋና ይግባውና በሕይወት አለን። የእኔ ዓይን ደክሟል፤ ፊደሉን ከፍ አድርጌ የጻፍሁት ስለዚህ ነው። ገብሱን ዘንድሮ ውርጭ መታው፣ ባቄላው ግን ደኅና ነው። የደሴ መንገድ አንዴ ሲከፈት አንዴ ሲዘጋ ከረመ።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። አንተ ከእኔ በላይ የምታውቀውን ነገር ከመጀመሪያው ልጽፈው ነው፤ ጥፋቴን በቅደም ተከተል ካልጻፍሁት ከፊሉን የደበቅሁት ይመስለኛል።

አባትህ ያረፈው ጥር 16 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። ደረቱን አሞት ከዚህ ሆስፒታል ወደ ደሴ እንዲሄድ ሲጻፍለት አምቡላንሷ ሌላ በሽተኛ ይዛ ወጥታ ነበር፤ ስለዚህ በራሱ ነጭ ፒካፕ ይዘኸው ወጣህ። እኔ ልብስና ስንቅ አዘጋጅቼ በማግስቱ ልከተላችሁ ቀረሁ። አቀስታን አልፋችሁ ጉጉፍቱ ሳትደርሱ ዳገቱ ላይ ሞተሩ ጠፋ። አርባ ደቂቃ ቆማችሁ፣ ከዚያ ተነሣ። ደሴ ስትደርሱ አባትህ አልነበረም።

አስከሬኑን ይዘህ ስትመለስ የነገርኸኝ ይህንኑ ነበር። «እማዬ፣ ቤንዚን ነበራት። ዝም ብላ ጠፋች፣ ዝም ብላ ተነሣች» አልኸኝ። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ሒሳብ ያስተማርሁ ሴት ነኝ፤ ዝም ብሎ የሚሆን ነገር አልቀበልም። ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ ቤንዚን አልቆብህ ከከላላ መንገድ በእግርህ ስትመጣ፣ ጎማ ነው ብለህ እንደ ዋሸኸኝ አስታወስሁ። የቤንዚኑ ጌጅም ከተበላሸ ቆይቷል። እንግዲህ የመኪናዋን የቤንዚን ጋን ባዶውን ይዘህ ወጥተህ፣ ከመንገደኛ ለምነህ ስትጨምር ነው የተነሣችው ብዬ ደመደምሁ። ለቀስተኛ በሞላበት ድንኳን ውስጥ፣ አጎቶችህና ካህናቱ እየሰሙ፣ «አባቱን የገደለው የዚህ ልጅ ስንፍናና ውሸት ነው» አልሁ። አርባው ሳይወጣ ከቤት ወጣህ።

ሳላጣራ እንዳልተናገርሁ ለራሴ ለማሳየት፣ አንተ ከሄድህ በኋላ ሁለት መካኒኮች አስመጥቼ ነበር። ሁለቱም ጠዋት መጡ፤ ቁልፉን ሲያዞሩት ወዲያው ተነሣች። አንደኛው «እትዬ፣ ይቺ እኮ ከእኔ ትሻላለች፣ እኔ እንኳ ጠዋት እንዲህ አልነሣም» ብሎ ሳቀ። እኔም ማስረጃ አገኘሁ ብዬ ተቀመጥሁ።

ከዚያ ወዲያ መኪናዋን ማንም እንዲነካት አልፈቀድሁም። ባለፈው መስከረም ግን የእህትህ የሥርጉት ባል እንዳልካቸው ለምኖኝ፣ ባትሪዋን ለውጦ እህል ይጭንባት ጀመር። በጥቅምት አንድ ቀን ከከላላ ገበያ ፊቱ ጠቁሮ መጣ። «እማማ፣ ዳገቱ ላይ ሞተሩ ድርግም አለ። ከጭነቱ ባለቤቶች ጋር ስንጨቃጨቅ ቆይተን፣ ምንም ሳልነካት ተነሣች» አለኝ። ቤንዚን አልሞላህም አልሁት። «ግማሽ ጋን አላት፤ ካላመኑኝ ይምጡና ይለኩ» አለ። ረጅም ሽቦ አስመጥቼ በጋኑ አፍ አስገባሁ። እስከ ወገቡ ረጥቦ ወጣ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ደብተር ሰጠሁት። የወጣበትን ሰዓት፣ ሞተሩ የጠፋበትን ሰዓት፣ ሜዳ ይሁን ዳገት፣ ጭነቱን፣ የሽቦውን ርጥበት እንዲጽፍ አደረግሁ። «እኔ ሹፌር ነኝ ወይስ ተማሪ?» እያለ አጉረመረመ፤ ግን ጻፈ። አምስት ጊዜ ወጥቶ ሦስት ጊዜ ጠፋችበት። ሦስቱም ከአንድ ሰዓት መንገድ በኋላ ነው፤ ሦስቱም ዳገት ላይ ነው፤ በሦስቱም ጋኑ ውስጥ ቤንዚን ነበር። የቆመችበት ጊዜ ሠላሳ አምስት ደቂቃ፣ አርባ ሁለት ደቂቃ፣ አርባ ደቂቃ። የመጨረሻውን ቁጥር በእርሱ እጅ ጽሑፍ ሳነብ ደብተሩን ይዤ ደጃፉ ላይ ቁጭ አልሁ፤ ሥርጉት ራስሽን አዞረሽ ወይ ብላ ውኃ አመጣችልኝ።

ወልደሩፋኤልን ታስታውሰው ይሆናል፤ ድቁናውን ትቶ መካኒክ የሆነው፣ እኔ በሒሳብ ሁለት ጊዜ የጣልሁት። ደብተሩን ሰጠሁት። ቆሞ አነበበና «ቲቸር፣ እስካሁን ያያት ሁሉ ጠዋት ቀዝቅዛ ነው ያያት። ቀዝቃዛ መኪና ምን ትናገራለች? አሙቀን እንጠይቃት» አለ። እኔም አብሬ ካልሄድሁ አላምንም ብዬ አጠገቡ ተቀመጥሁ። ዳገቱን ሁለት ጊዜ ወጥተን ወረድን። በሦስተኛው፣ ልክ አንተ እንዳልኸው፣ ሳትንተፋተፍ፣ ሳትጮኽ፣ ዝም ብላ ጠፋች። ልጄ፣ ያ ጸጥታ እንዴት እንደሚከብድ ያን ጊዜ አወቅሁት። እኔ እኮ ጤነኛ ሰው አጠገብ ነበርሁ።

ኮፈኑን ከፍቶ፣ ከሞተሩ ሥር ያለች የአውራ ጣት ታህል ሴንሰር አሳየኝ። ሞተሩ ሲዞር እየቆጠረች ለኮምፒውተሩ የምትነግር እርሷ ናት። እርሷ ዝም ካለች ኮምፒውተሩ ሞተሩ የቆመ መስሎት እሳቱን ያቋርጣል። ውስጧ ያለው እንደ ፀጉር የቀጠነ ሽቦ ተሰንጥቋል፤ ሲሞቅ ይላቀቃል፣ ሲቀዘቅዝ ይገጥማል። የኤሌክትሪክ መለኪያውን ቴስተር ቢያስነካት ምንም አላነበበም። ጨርቅ በቀዝቃዛ ውኃ ነክሮ አለበሳት። ጥቂት ቆይቶ ቁልፉን ሲያዞር ተነሣች። አንድ ጊዜ የሆነ ነገር አይበቃኝም፣ ድገመው አልሁት፤ እንደገና እስክትሞቅ ነድቶ ደገመው። ሦስተኛም አስደገምሁት። «ቲቸር፣ በልጅነቴ መልሱ ልክ ሆኖ አሠራሩን አላሳየህም ብለው ዜሮ ሰጥተውኛል። ዛሬ አሠራሩን ሦስት ጊዜ አሳየሁ፤ አሁንስ?» አለኝ። እየቀለደ ነበር።

የዛሬ ሦስት ዓመትም ይህ ብልሽት ኖሮባት ይሆን ብዬ ጠየቅሁት። ቀልዱን ተወና «እንዲህ ያለው ቀስ እያለ ነው የሚብሰው፤ በጣም ሊሆን ይችላል። ግን ያን ቀን እዚያ አልነበርሁም፣ መማል አልችልም» አለኝ። አየህ፣ ከእኔ ዘንድ የወደቀ ተማሪ ባላየው ነገር አልምልም አለ። እኔ ግን በዚያ ዳገት ላይ ሳልኖር፣ አንተን በሰው ፊት ነፍሰ ገዳይ አድርጌሃለሁ።

አዲሱ ሴንሰር ከደሴ መጥቶ ከተገጠመ ወዲህ እንዳልካቸው አሥራ አንድ ጊዜ ተመላልሷል፤ አንድም ቀን አልቆመችም። አሮጌውን ሴንሰርና የደብተሩን ገጽ ከዚህ ጋር ልኬልሃለሁ። ብትፈልግ ጣለው።

በአባትህ ሦስተኛ ሙት ዓመት፣ ካህናቱ ጸሎቱን ጨርሰው ሰው ሁሉ በተቀመጠበት ቆሜ ተናገርሁ። በዚህ ግቢ ልጄን በሐሰት ከስሼዋለሁ፤ እርሱ እውነቱን ነበር የተናገረው፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ አልሁ። እንዲያዝኑልኝ አልነበረም፤ የከሰስሁህ በሰው ፊት ስለሆነ ነው። አክስትህ ንግሥቴ ነጠላዋን አስተካክላ «ብርሀንነሽ፣ ይህን ለእኛ ምን አስነገረሽ? እኛ እኮ ያን ጊዜም አላመንንሽም። አንቺን ፈርተን ነው ዝም ያልን» አለችኝ። ልጄ፣ ከዚህ የከበደ ነገር በሰባ አራት ዓመቴ አልሰማሁም። ያ ሁሉ ሰው እውነትህን እያወቀ አንተ ብቻህን ወጥተህ ሄድህ ማለት ነው።

ይቅር በለኝ። ና አልልህም፤ ልልህ አይገባኝም። መሪ ጨብጥም አልልህም፤ ነገር ግን እጅህ ጥፋት እንደሌለበት ከእኔ ከራሴ አፍ እወቀው።

አንድ ነገር ብቻ እለምንሃለሁ። ከደሴ የተመለስህ ዕለት፣ «እማዬ፣ መኪናው ውስጥ ቁጭ ብለን ሳለን አባዬ...» ብለህ ስትጀምር፣ ስሙን በአፍህ አትጥራ ብዬ አቋረጥሁህ። በእነዚያ አርባ ደቂቃዎች ምን አለ? ስለ እኔ ይሁን፣ ስለ አንተ፣ ውኃ ስጠኝ ብቻ ይሁን፣ አላውቅም። አርባ አራት ዓመት አብሬው ኖሬ የመጨረሻ ቃሉን አላውቅም። በዚህ ምድር ላይ ያንን የሚያውቅ አንተ ብቻ ነህ። በደብዳቤ ቢሆን፣ በሀሊማ ስልክ ቢሆን፣ ተቆጥተህም ቢሆን፣ ንገረኝ። ዛሬ አላቋርጥህም።

እንዳልካቸው እጅ ነሥቶሃል። ሕፃኗ ሰብሌ አታውቅህም፤ ፎቶህን አሳይተናት አጎቴ ትላለች። አክስትህ ንግሥቴ በጸሎቷ እንዳልተለየችህ ንገሪው ብላለች። ዘይነባ «አብሽር፣ አላህ ያግራልህ በይልኝ» ብላለች። ሥርጉት ግን ሰላምታዋን ከእኔ ደብዳቤ ጋር አትቀላቅዪው፣ እኔ ለብቻዬ እጽፋለሁ፣ እኔ ከወንድሜ አልተጣላሁም ብላኛለች። እውነቷን ነው።

እናትህ ብርሀንነሽ
መካነ ሰላም፣ የካቲት 3 ቀን 2018 ዓ.ም.