በበራችን ኩርባ ላይ ስለተተከለው የእድር ድንኳን

ለተከበሩ የመንገዱ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ካሉበት

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? ቤተሰብዎስ ደኅና ናቸው? መንገዱስ? እኔ ከልጄ ሞት በቀር ደኅና ነኝ፤ እግዚአብሔር ይመስገን።

ወሬውን የሰማሁት ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ምስር ስለቅም ነው። ጎረቤቴ ዘይነባ ገባችና ሳትቀመጥ ሰፌዱን ከእጄ ወሰደች። «ተይው ጽጌ፣ ኋላ አብረን እንለቅመዋለን» አለችኝ። ያኔ አወቅኩ። ልጄን በድሉን ከሥራው ሲመለስ በራችን ላይ ከባድ መኪና ገጭቶታል። ይህን የምጽፍልዎም ስለዚሁ በር ነው፤ ጊዜዎን ስለምሻማ ይቅርታዎን እለምናለሁ።

1ኛ. መንገዱ መጀመሪያ ወደ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን የምንወርድበት የእግር መንገድ ነበር። ቆይቶ ጠጠር ፈሰሰበት፤ ከዚያም አስፋልት ለብሶ ከቄራ በኩል የሚመጣ ከባድ መኪና ሁሉ ወደ ካዛንቺስ የሚወጣበት አውራ መንገድ ሆነ። ሲቀየስ ቀጥ ብሎ እንዲያልፍ ነበር፤ የአንድ ባለጸጋ አጥር እንዳይነካ ተብሎ ግን ታጥፎ በእኛ በር ዞረ። ቀድሞ መኪና ፍለጋ እስከ ባምቢስ እንሄድ ነበር፤ ዛሬ መኪናው ራሱ ደጃችን ድረስ ስለሚመጣልን እናመሰግናለን።

2ኛ. በኩርባው ላይ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ እንዲሠራልን በድሉ በሕይወት ሳለ አመልክተን ነበር። መሐንዲስዎ በትሕትና «እናቴ፣ ጉብታ ካለበት የመንገዱ ደረጃ ይወርዳል» ብለው አስረዱኝ። የልጄ ሞት ደረጃውን እንዳላወረደው ተስፋ አደርጋለሁ።

3ኛ. ግቢ ስለሌለን እድራችን እንደ ልማዱ ድንኳኑን መንገዱ ላይ ተከለ። እስከ ሠልስቱ ድረስ መኪና ሁሉ ቀስ እያለ አለፈ። አንድ ሲሚንቶ የጫነ ሾፌርማ ወርዶ ንፍሮ ከቀመሰ በኋላ እግዜር ያጥናሽ ብሎኝ ሄደ። የሰፈሩ ልጆች በሰላም ተሻገሩ። ጽሕፈት ቤትዎም ለእድሩ ዳኛ ለአቶ ገብረመስቀል፣ ድንኳኑ የተሽከርካሪ ፍጥነት እየቀነሰ ስለሆነ ባስቸኳይ ይነሣ ሲል ጻፈ። የድንኳኑን ሥራ ስለመሰከሩልን ከልብ እናመሰግናለን።

እኛም መክረንበታል። ድንኳኑ በአርባው ይተከላል፤ በሰማንያው፣ በመንፈቁ፣ በሙት ዓመቱ፣ በሰባት ዓመቱም እንዲሁ። በእነዚያ ቀኖች ማንም አይገጭም። ከዚያ በኋላ ግን ተዝካሩ ያልቅብናል። ጉብታው እስከዚያ ካልተሠራ ሌላ ሟች ያስፈልገናል፤ ለዚህም መንገድዎ እንደማያሳፍረን እናምናለን።

እግዚአብሔር ረጅም ዕድሜና ቀጥ ያለ መንገድ ይስጥዎ እያልኩ፣ በታላቅ አክብሮት፣
በኩርባው ላይ የምኖር፣
ጽጌሬዳ አጽብሃ

ማሳሰቢያ፦ የአጥሩ ባለቤት ለልቅሶ መጥተው ነበር፤ እግዜር ይስጣቸው። መኪናቸውን ግን ከኩርባው አርቀው ነው ያቆሙት፣ እንዳይገጭባቸው።

ይህን የምታነቡ ወገኖቼ፣ የልጄ የክርስትና ስሙ ኃይለ ማርያም ነው። በየጸሎታችሁ ነፍሱን ይማር በሉልኝ።