የወይዘሮ ሞይራ የትል ቋጠሮ

ሰኞ፣ ግንቦት 10፣ ጠዋት
አልቤ ጨረስኩ። እጄ ወተት ወተት ይሸታል፤ ቻለኝ ደብተሬ። ከእህቴ ከአስናቀች ደብዳቤ መጣ። እሷ ባለችበት ክሎተን፣ አየር ማረፊያው ወጥ ቤት ሥራ አግኝታልኛለች። ሙቅ ክፍል፣ ነጭ ጋዋን፣ እሑድ እረፍት! እስከ ቅዳሜ መልስ ትፈልጋለች። እዚህ ጄኔቭ፣ ግራንድ ሳኮኔ ሰፈር ጫፍ ያለው ጭቃ፣ አራት ላሞችና አሠሪዬ ወይዘሮ ሞይራ ናቸው። አየርላንዳዊት ናቸው፤ ስዊሱ ባላቸው ሞተው እርሻው ለሳቸው ቀረ። ልሄድ ነው መሰለኝ።

ማክሰኞ፣ ከሰዓት
ጉድ ፈላ! ትናንት ሮዛን፣ እርጉዟን ላም፣ «አቤት ቁመና!» ብዬ አድንቄያት ነበር። ዛሬ ረፋዱ ላይ ግራ ጎኗ እንደ ከበሮ ተነፋ። ጤዛ ያለበት ማገጥ፣ ሆድ የሚነፋውን ሣር፣ በልታ ነው። ወይዘሮ ሞይራ ግን ጥፋቱን በኔ አላከኩ። ባገራቸው ከብት አድንቆ ያልባረከ ሰው በዓይኑ ይጎዳል።
«በል ባርካት! እንትፍም በልባት!»
ደርግ በስንቱ ከሶኛል፣ በቡዳነት ግን አልከሰሰኝም። ባረክኋት፤ እንትፍ አልኩባት።
የከብት ሐኪሙ ተጠርቷል፣ አልደረሰም። ሞይራ ገመድ አመጡ። እንደ ትል ይጠማዘዛል፣ «የትል ቋጠሮ» ይሉታል፤ ከላሟ ጀርባ በላይ ይቋጥሩና ይስቡታል፣ ከተፈታ ትድናለች። ሳቡት፤ ጠበቀ። ፊታቸው አመድ መሰለ። ሮዛ ከሞተች እርሻውን ሸጬ አገሬ እገባለሁ አሉ። እኔም ዝም ማለት አቃተኝ። ደብረ ዘይት የከብት ክሊኒክ ውስጥ አምስት ዓመት ሠርቻለሁ። ዘይት በጠርሙስ አጋትኳት፣ አፏ ውስጥ እንጨት አጋደምኩ፣ ፊቷን ወደ ዳገቱ አዙሬ አቆምኳት። ሞይራ ከጎን ቋጠሮ ይስባሉ፣ እኔ ሆዷን አሻለሁ። በሦስተኛው ስበት ቋጠሮው ሹልክ ብሎ ተፈታ፤ ሮዛም አገሳች። ሽታው! እዚያው ጭቃ ላይ ተቃቀፍን።

ረቡዕ
ሐኪሙ አይቷት ሄደ፤ ዘይቱ አዳናት አለ። ሞይራ ደግሞ «አዎ፣ ዘይቱ ለቋጠሮው መንገድ ጠረገለት» አሉ። ማታ እራት ላይ ሞይራ ገመዱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው ነገሩኝ። ቋጠሮው ከወንድ ወደ ሴት፣ ከሴት ወደ ወንድ ብቻ ነው የሚተላለፈው። ከአባታቸው ወረሱት። ልጆቻቸው ሦስቱም ሴቶች።
«አንተ ካልወሰድከው አብሮኝ ይቀበራል።»
ገመዱን ከጠረጴዛው አነሳሁ። እሺ አልኩ።

ሐሙስ
ቋጠሮውን ዘጠኝ ጊዜ ሞከርኩ። ስምንቱ ተወሳሰበ። ሞይራ እየሳቁ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

ቅዳሜ፣ ክሎተን
አስናቀች ቤት ነኝ። ነገርኳት።
«ለገመድ ብለህ አየር ማረፊያ ትተዋለህ?»
ለገመድ አይደለም አልኳት። ከአዲስ አበባ ከወጣሁ ወዲህ ሰው እውቀቴን ሲፈልግ፣ የሱንም አደራ ሲሰጠኝ ይህ የመጀመሪያው ነው። አኮረፈች። ከዚያ ሳቀች። አሁን ለመንገዴ ዳቦ እየጠቀለለች ነው። ወስኛለሁ፤ ጄኔቭ እቀራለሁ። ወጥ ቤቱ ሌላ ሰው ይፈልግ። ባቡሬ ሊደርስ ነው፣ አስናቀችም ተነስ እያለች…