አንድ ፕላስተር ለሁለት ሰው

ለውድ ወንድሜ ለአስናቀ አያሌው፣

እንደምን ከረምክ ወንድሜ? ጤናህ እንዴት ነው? የዚያ አገር ሙቀትስ እንዴት አደረገህ? ባለፈው አመመኝ ያልከው ወገብህ ተሻለህ ወይስ እንደ ልማድህ ዝም ብለህ ችለኸው ነው? ባለቤትህ ፋሲካስ እንዴት ናት? እሷ አብራህ በመሆኗ ስንት ጊዜ ፈጣሪን እንደማመሰግን አታውቅም። እኛ አለን። ደህና ነን ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ነገር ግን በስልክ ደህና ነን እያልኩ ስዋሽህ ስለከረምኩ በወረቀት መድገሙ ሰለቸኝ።

በስልክ የማልነግርህ ለምን እንደሆነ አንተም ትገምታለህ። አንተ የደወልክ እንደሆነ አባባ ወንበራቸውን ስበው አጠገቤ ይቀመጣሉ፤ ድምፁን ካልከፈትኩላቸውም ይቆጣሉ። ስለ እሳቸው ምን ልልህ እችላለሁ? አሁን ግን የጋሽ ይማም ልጅ ሂክማ ለሥራ ወደ እናንተ ዘንድ ልትመጣ ስለሆነ በእጇ ላክሁልህ። ጋሽ ይማምን መቼም አትረሳቸውም፤ የተማሪ ቤት ልብሳችንን ሁሉ የሰፉልን እሳቸው ናቸው። ይህ ደብዳቤ የአባባ ጉዳይ ቢሆንም ያለ ጋሽ ይማም አይነገርም።

ባሕር ዳር የአባባ የእግር አውራ ጣት የተቆረጠ ጊዜ ሐኪሙ ያለንን ሙሉውን አልነገርኩህም ነበር። የእግራቸው ደም ስር ጠቧል፤ ያጠበበውም ሲጋራው ነው፤ ካላቆሙ ቁስሉ አይድንም፤ ቁስሉ ካልዳነ ቀጥሎ የሚቆረጠው ከጉልበት በታች ነው ብሎ ነው የሸኘን። ያ ዕድሜ ልካቸውን በሹፌርነት ከወረታ ጋይንት ሲመላለሱ ነዳጅ የሰጡበት ቀኝ እግር ነው። ስንመለስ ወረታ ላይ መኪናው ሲቆም አባባ በምርኩዝ እያነከሱ ወርደው ከሱቁ ጀርባ አጨሱ። እኔም እንዳላየ ሆኜ መኪናው ውስጥ ጠበቅኋቸው።

የላክኸው የሲጋራ ማቆሚያ ፕላስተርና ማስቲካ ከጥምቀት በኋላ ደረሰን። እኔ አስተማሪ ብሆንም ስለዚህ ነገር የማውቀው ስለሌለ አባባን ይዤ ጤና ጣቢያ ሄድኩና ሲስተር ዓይናለም እያገላበጠች አስረዳችን። ሰውነታቸው የሚጮኸው የለመደውን ኒኮቲን ፈልጎ ነው፤ ደም ስሩን የሚያበላሸው ግን ይበልጡን ጭሱ ነው፤ ፕላስተሩ ኒኮቲኑን ያለ ጭስ፣ በቆዳቸው በኩል፣ ቀስ እያለ ይሰጣቸዋል፤ ሱሱ ሲረግብ አነስ ወዳለው ፕላስተር ይወርዳሉ፤ በመጨረሻም ይተዉታል አለች። አባባ በትዕግሥት አዳመጡና፣ ታዲያ ይህ ትልቁን ሌባ ለማስወጣት ትንሹን ሌባ ቤት ማስገባት አይደለም ወይ ብለው ጠየቋት። ሳቀች። እንደዚያ ነው፤ ትንሹ ግን በራሱ ጊዜ ይወጣል አለቻቸው።

በማስቲካው ጀመርን። እንደ ልጅ ማስቲካ ቶሎ ቶሎ አኝከው ስርቅታ ይዟቸው ዋለ። ትንሽ አኝኮ በጉንጭ ማስቀመጥ ነው እንጂ እንዲህ አይደለም ብላቸው፣ እንደ ጫት ልታስቅሚኝ ነው ወይ ብለው ተቀየሙኝ። ወዲያው ሁዳዴ ገባና ማስቲካው ጾም ያስገድፋል ተብሎ ቁም ሣጥን ላይ ተወረወረ። ፕላስተሩንም ቢሆን የንስሐ አባታቸውን ሳይጠይቁ አልለጥፍም አሉ። ጠየቁ። አባም፣ አያሌው፣ እስከ ዛሬ ያ ሁሉ ጭስ ሳያስጨንቅህ አሁን ክንድህ ላይ የሚለጠፈው አስጨነቀህ ወይ ብለው አሰናበቷቸው። አባባ ተናደው ነው የመጡት፤ እኔ ግን ከብዙ ቀን ወዲህ እንደዚያ ስቄ አላውቅም።

ፕላስተሩን እኔ ልለጥፍልዎት ብል ግን ወይ ፍንክች። ክንዴን ለሴት ልጄ እያሳየሁ አላረጅም ብለው አንዱን ከነማሸጊያው ኪሳቸው ከተው በማለዳ ይወጣሉ። ማታ ቁስሉን ሳጥብ ሲጋራ ሲጋራ ይሸቱኛል። ቁስሉም ያው ነው፤ አይሰፋም፣ አይጠብም። ከክፍል መልስ ጨርቅ መቀቀል፣ እግር ማጠብ፣ ማሸግ፣ የልጄን የጌጤን የቤት ሥራ ማየት፣ ደግሞ በነጋታው ያንኑ። አክስታችን ሙሉ በመጡ ቁጥር ወንዛዬ ፍልውሃ ወስደሽ ብትነክሪው እስካሁን በዳነ ነበር ይሉኛል። ሲስተር ዓይናለም ደግሞ ክፍት ቁስል ይዘው ፍልውሃ እንዳይገቡ ብላ አስጠንቅቃኛለች። አስናቀ፣ ሰው ሁሉ መካሪ ነው፤ አጣቢዋ ግን እኔ ብቻ ነኝ።

አንድ ቀን የትምህርት ቤቱ ስብሰባ ቀረና በገበያው በኩል ወደ ቤት ስሄድ በጋሽ ይማም ሱቅ በር አለፍኩ። አባባና ጋሽ ይማም ከስፌት መኪናው ኋላ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ሁለቱም እጅጌያቸውን እስከ ትከሻ ሰብስበዋል። ጋሽ ይማም በዚያ በትልቁ የጨርቅ መቀሳቸው የአባባን ፕላስተር መሐል ለመሐል ቆረጡትና ግማሹን ለአባባ፣ ግማሹን ለራሳቸው ለጠፉ። ሱፍ እንደሚለካ ሰው አስተካክለው ነው የቆረጡት፤ አንዱ ከሌላው እንዳይበልጥ።

ደሜ ፈላ። የተናገርኩትን ሁሉ ብጽፍልህ ታፍርብኛለህ። ወንድሜ በሰው አገር ወገቡ እስኪጎብጥ ተሸክሞ የላከውን መድኃኒት እንደ ዳቦ ትካፈሉታላችሁ ወይ አልኩ። ጋሽ ይማምን ደግሞ እርስዎ እግርዎ ደህና ነው፤ ከአባቴ እግር ላይ ነው የሚካፈሉት፤ ከእንግዲህ የቤታችንን ደጅ እንዳይረግጡ አልኳቸው። በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው፤ ጾመኛም ነበሩ፤ ያን ሰሞን ረመዳን ነበር። መቀሱን ቀስ አድርገው መሳቢያው ውስጥ ከተቱት።

ከዚያ በኋላ የሆነው አሳዘነኝም አደከመኝም። አባባ እኔን ማነጋገር ተዉ። ክንዳቸውን ይዘረጉልኛል፤ ፕላስተሩን ሙሉውን እለጥፍላቸዋለሁ፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ ያዞራሉ። ዒድ በመጣ ቁጥር ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው ከጋሽ ይማም ቤት እንኳን አደረሳችሁ ሳይሉ ቀርተው አያውቁም፤ ዘንድሮ ከአልጋቸው አልወረዱም። ክንዳቸው ላይ ሙሉ ፕላስተር ለጥፌላቸው ስወጣ ከሽንት ቤቱ ኋላ ሄደው ያጨሳሉ። እንደሚመስለኝ ጓደኛቸውን እንድመልስላቸው ለመማጸንም እኔን ለመበቀልም ነበር። የቁስሉ ጠርዝ መጥቆር ጀመረ። ሲስተር ዓይናለም አይታው፣ ከትንሣኤ በዓል በኋላ ያለው ቀጠሯችሁ ላይ እንዲህ ሆኖ ከደረሰ ሐኪሙ የሚለውን ታውቂዋለሽ አለችኝ። እማማ በኖረች ብዬ ያን ቀን ነው ያለቀስኩት።

እንግዲህ ምን ላድርግ? ነጠላዬን ተከናንቤ ጋሽ ይማም ቤት ሄድኩ። በሩን የከፈቱልኝ ባለቤታቸው እትዬ አሚና ናቸው። ክፉ ፊት ቢያሳዩኝ ደስ ባለኝ፤ እሳቸው ግን የአባትሽ እግር እንዴት ነው ብለው ተቀበሉኝ። ጋሽ ይማም ይቅርታዬን እንኳ ሳያስጨርሱኝ ነገሩን ነገሩኝ። እሳቸውና አባባ ከጎረምሳነታቸው ጀምሮ ሲጋራ በፍሬ ነው የሚገዙት፤ አንዷን ሲጋራ ለኩሰው አባባ እስከ ግማሽ ይስቡና ለጋሽ ይማም ያቀብላሉ። መጀመሪያ ከእጦት ነበር፤ በኋላ ልማድ ሆነ። ፕላስተሩ የተጀመረ ቀን አባባ ከኪሳቸው አውጥተው፣ እኔ ይህን ለጥፌ አንተ ፊት ለፊቴ ብታጨስ መቀበሌ አይቀርም፤ አንተ ብትተው ግን እኔም እተዋለሁ፤ ቁረጠው አሏቸው። ጋሽ ይማም ለኔ ብለህ እግርህን አትጣ ብለው እንቢ ቢሉ አባባ ሙሉውን አልለጥፍም ብለው ተቀመጡ። ግማሹም ቢሆን መጥፎ አልነበረም፤ በቀን የሚያጨሱት ወደ ጥቂት ወርዶ ነበር። እኔ ካለያየኋቸው ወዲህ ግን ጋሽ ይማምም እንደ ድሮው ጀምረዋል፤ እትዬ አሚናም በጎን እያዩኝ ይህንኑ መሰከሩ።

አየህ፣ እኔ ሱሱ ከሲጋራው ጋር ብቻ የተያያዘ መስሎኝ ነበር። ወንበሩን፣ ሱቁን፣ ሰውየውን አላሰብኩም።

ጋሽ ይማምን በማግስቱ ሲስተር ዓይናለም ዘንድ ወሰድኳቸው። መርምራ እሳቸውም መለጠፍ እንደሚችሉ ነገረችን፤ ነገር ግን ፕላስተር አይቆረጥም፤ ግማሹ ለማናችሁም አይበቃም፣ የተቆረጠውም ይደርቃል ብላ ሁለቱን እንደ ተማሪ አቁማ ተቆጣች። አሁን ጋሽ ይማም በማለዳ ይመጣሉ። እኔ ለሁለቱም ሙሉ ሙሉውን እለጥፋለሁ፤ አባባ ክንዴን ለሴት ልጄ አላሳይም ያሉትን ረስተውታል። አንዱ ሲጋራ ሲያምረው ያ ቁም ሣጥን ላይ የነበረው ማስቲካ ይወርዳል፤ ማስቲካውን በጉንጫቸው ይዘው ይተያያሉ። አባባ ፕላስተሩ ሕልም ያበዛባቸዋል፤ ሌሊቱን ጋይንት ሲወጡና ሲወርዱ ያድራሉ። ጋሽ ይማም አንዴ ሸርተት ብለው አጭሰው ነበር፤ እንደ ሕፃን መጥተው ለአባባ ተናዘዙ። አባባ ሰደቧቸውና ማስቲካ ሰጧቸው።

ቀጠሮው ላይ ሐኪሙ ቁስሉን አይቶ ለጊዜው መቁረጡን አቆየው። ዳነ አላለም። ቀይ ሥጋ ማውጣት ጀምሯል፣ ጭስ ከተመለሰ ግን የሚያድነው የለም ነው ያለው። እኔም ተስፋ ማድረግ ጀምሬያለሁ ማለት እፈራለሁ፤ ድካሜ ግን ትንሽ ቀለል ብሎኛል።

የጻፍኩልህ ለዚህ ነው አስናቀ። የላክኸው ለአባባ ብቻ ታስቦ ስለነበር ለሁለት ሰው ሲሆን እያለቀ ነው፤ ወደ ትንሹ ለመውረድም ገና ናቸው። እዚህ ደብረ ታቦር ፋርማሲዎቹን ሁሉ ዞሬ አላገኘሁም። ወገብህን እያሰብኩ ይህን መጠየቄ ያሳፍረኛል፤ አሁን ቢቋረጥ ግን የሚሆነውን አንተም ታውቀዋለህ። እባክህ ወደዚህ የሚመጣ ሰው ፈልግ፤ ስትልክም ለሁለት ሰው የሚሆን አድርገህ ላክ።

ጌጤ አጎቴን ሳሚልኝ ብላለች። አክስት ሙሉ በጸሎታቸው ያስቡሃል፤ ስለ ወንዛዬም አንተ እንድትመክረኝ ይፈልጋሉ። እትዬ አሚና ልጃቸውን አደራ ብለውሃል፤ ሂክማን እንደ እኔ ቁጠራት። ጋሽ ይማም ስትመጣ የምትለብሰውን ኮት እንዲሰፉልህ የትከሻህን ልክ ላክ ብለዋል። ፋሲካን አንገቷን አቅፈህ ሳምልኝ።

አባባ ይህን ስጽፍ አጠገቤ ተቀምጠዋል። መጨረሻውን ብቻ አነበብኩላቸው፤ የሚከተለውን ጨምሪ አሉኝ። ልጄን ሳሚልኝ፤ ተቸግሮም ከሆነ እንዳይጨነቅ። ያገኘው ለአንድ ሰው ብቻ የሚሆን ከሆነ ያንኑ ይላክ፤ የይማም መቀስ እንደሆነ አሁንም መሳቢያው ውስጥ ነው በይው።

እህትህ ጽጌ አያሌው
ደብረ ታቦር፣ ግንቦት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.