ከአባቴ ጥርስ መሐል ስለጠፋው ክር

ለተከበሩ የማስታወቂያ ድርጅቱ ዋና ሥራ አስኪያጅ፣

እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ፎቶ የሚያሳምሩት ባለሙያዎችዎም እንደምን ሰንብታችኋል? ጤናችሁ እንደ ሰሌዳዎቻችሁ ከሩቅ የሚታይ፣ ደስታችሁም ዝናብ የማያደበዝዘው እንዲሆን ምኞቴን አስቀድማለሁ።

አደባባዩ ላይ ያቆማችሁት የጡረታ መድን ማስታወቂያ ሁለት ሽማግሌዎች አሉበት። በቀኝ ያሉት ሶፋ ላይ እግራቸውን አጣምረው ይስቃሉ፤ በግራ ያሉት አጎንብሰው ፊታቸውን አኮማትረዋል፤ ከመሐላቸው «እርስዎ የትኛውን ይመርጣሉ?» ተብሎ ተጽፏል። እኔ የማይመረጡት የግራው ሰውዬ ልጅ ነኝ።

ፎቶ አንሺዎ ወደ ጫማ መስፊያ ሱቃችን መጥቶ «የእጅ ሥራን ለማክበር ነው» ሲል፣ አባቴ ደስ ብሏቸው ሸሚዝ እስከ መቀየር ደርሰው ነበር። ስላከበራችሁን ከልብ እያመሰገንኩ ቅሬታዎቼን በትሕትና አቀርባለሁ።

፩. ጫማ ሲሰፋ ሁለት እጅ አይበቃም። አባቴ አንድ እጃቸው ወስፌ፣ ሌላው ጫማ ስለሚይዝ በሰም የታሸውን ክር በጥርሳቸው ይይዛሉ፤ ያን ጊዜ ፊታቸው ይኮማተራል። ፎቶ አንሺው ያነሳውን ሲያሳየን ክሩ ነበር። ሰሌዳው ላይ ግን ክሩ ተሰርዞ የተኮማተረው ፊት ብቻ ቀርቷል። ክር የያዘ ሰው ሥራ ላይ ነው፤ ክሩን ስትወስዱበት ሥቃይ ላይ ያለ ይመስላል። በአንዲት ክር የአርባ ዓመት ሙያ መሰረዝ መቻላችሁን ሳላደንቅ አላልፍም።

፪. የቀኙ ሰውዬ ላይ የጠዋት ፀሐይ አፍስሳችሁ አባቴን አመድ አስመሰላችኋቸው። ሸሚዛቸው ሰማያዊ ነበር፤ ያውም ለእናንተ ብለው የቀየሩት። ፎቶ አንሺውም በርጩማ ላይ ወጥቶ ከላይ ወደ ታች አነሳቸው፤ ባለ ሶፋው ግን ከታች ወደ ላይ ነው የተነሱት። ተመልካቹን እዘን ያለው የለም። ቁልቁል እንዲያይ ብቻ ተደረገ፣ ሐዘኑ በራሱ ጊዜ መጣ።

፫. እኔ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ቆዳ ስቆርጥ ነበር፤ እናንተ ደግሞ እኔን ቆረጣችሁኝ። ከእኔ የተረፈችው ክርኔ ናት፤ እሷም ለሰው የወንበር መደገፊያ ትመስለዋለች። ልጅ ያላቸው ሰው ጧሪ ቀባሪ ያጡ ሆነው አደባባይ ቆሙ።

ማስታወቂያው እንደሠራ ላብሥርዎ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ የልጇን ጫማ አምጥታ፣ አባቴን ትክ ብላ አይታ፣ «አባባ፣ እርስዎ አይድከሙ፤ ሌላ ቦታ አሠራዋለሁ» ብላ ይዛው ተመለሰች። ክፋት የላትም፤ በየቀኑ የምታየውን ሰው ትታ ሰሌዳውን ማመኗ ነው። በማግስቱ አባቴ ወንበራቸውን አዙረው ጀርባቸውን ለመንገዱ ሰጡ፤ ክር ሲነክሱም በእጃቸው መሸፈን ጀመሩ። አርባ ዓመት ሰው ፊት ሲሠሩ ያላፈሩ ሰው በሥራቸው አፈሩ። ይህንን በትሕትና መጻፍ አልቻልኩም።

ቢሆንም ሰሌዳውን አውርዱልን ብዬ አልለምንዎትም። ከአባቴ ጋር ሦስት ቀን ተጨቃጭቀን ተስማምተናል፤ ከሰኞ ጀምሮ ወንበሮቻችንን አውጥተን ከሰሌዳችሁ ሥር እንቀመጣለን። እሳቸው ሰማያዊ ሸሚዛቸውን ለብሰው ይሰፋሉ፣ እኔ አጠገባቸው ቆዳ እቆርጣለሁ፤ መንገደኛው ላዩንም ታቹንም አይቶ ያስተያይ። እኛ ጽሑፍ አያስፈልገንም፤ የእናንተው ጥያቄ ይበቃናል።

የምትነሱት ፎቶ ሁሉ ዳር ዳሩ ሳይቆረጥ እንዲደርሳችሁ እየተመኘሁ፣ ለጥበባችሁ ካለኝ ወደር የለሽ አድናቆት ጋር፣

የክርኗ ባለቤት

ማስታወሻ፦ የቀኙ ሰውዬ እግራቸውን ስላጣመሩ የጫማቸው ሶል ፊት ለፊት ይታያል። አባቴ ትናንት ቀና ብለው ሲያዩት፣ ሰሌዳው ከቆመ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ፤ ተረከዙ ላይ ያለው ድርብ ስፌት የራሳቸው ነው። ጫማው ሾፌርዎ ባለፈው ወር «የአለቃዬ ነው፣ አደራ» ብሎ ያመጣው ቡናማው የእርስዎ ጫማ ነው። ለፎቶው ለባለ ሶፋው ሲያውሷቸው ይህንን ክር እንኳ ስላላሰረዙት እናመሰግናለን። የግራው ተረከዝ ሊለቅ ነውና ይዘውት ይምጡ፤ የት እንደምንቀመጥ ያውቁታል።