በመልመጃው ላይ ያለችው ጀማነሽ

ካዛንቺስ፣ አዲስ አበባ
ታኅሣሥ 11 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለታዲዎስ፣

የአሰላ ብርድ እንዴት ይዞሃል? ግራጫውን ሹራብህን ቁም ሳጥን ውስጥ ጥለኸው መሄድህን ያየሁት ገና ባለፈው ሳምንት ነው። ባልደረባህ መርጋ ይዞልህ ይመጣል። ይህንንም ደብዳቤ በእሱ እጅ የላኩት ስልክ አጥቼ አይደለም። በስልክ ብነግርህ መሃል ላይ ታርመኛለህ፣ እኔም እናደዳለሁ፣ ሳልጨርስ እንዘጋጋለን። ወረቀት ግን አይቋረጥም፤ እስክጨርስ ዝም ብለህ ታነባለህ።

እኔም መነንም ደህና ነን። ልጅህን ባንኩ ሜክሲኮ ወዳለው ቅርንጫፍ አዛውሯታል። ታክሲ ሰልፍ ስለሰለቻት በእግሯ ነው የምትሄደው፤ ጫማ ጨረሰች እንጂ ደስተኛ ናት።

አሁን ወደ ዋናው ወሬ። እንግሊዝኛ እየተማርኩ ነው። አትሳቅ። ማለቴ፣ ሳቅ፣ ግን ቶሎ ጨርስ።

ነገሩ እንዲህ ነው። መስከረም ላይ የሆቴላችን የሃውስ ኪፒንግ ሱፐርቫይዘር ጡረታ ወጣችና ለቦታው ማስታወቂያ ተለጠፈ። የዛሬ ሁለት ዓመት የምክትልነቱ ቦታ ሲወጣ ምን እንዳልከኝ ታስታውሳለህ? ጋዜጣህን ዝቅ እንኳ ሳታደርግ «ይቅርብሽ፣ ቃለ መጠይቁ በእንግሊዝኛ ነው፤ ሰው ፊት ትዋረጃለሽ» አልከኝ። እኔም አልተመዘገብኩም። ከዚያ በኋላ በቤታችን «ጨው አቀብለኝ» ከማለት ያለፈ ጨዋታ ጠፋ። አንተም ጡረታህን እንደወጣህ መርጋ የሚያስተምርበት ትምህርት ቤት «ለአንድ ተርም ብቻ» ብለህ ሄድክ። ይኸው ሦስተኛው ገባ።

ዘንድሮ መነን ሳትነግረኝ እዚሁ ካዛንቺስ፣ ከመድኃኒት ቤቱ ፎቅ ላይ ያለ የቋንቋ ትምህርት ቤት አስመዘገበችኝ። ከሥራ ስወጣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እገባለሁ። መጀመሪያ ቀን ፈተኑኝና «ኢንተርሚዲየት» ብለው መደቡኝ። እኔ ከሀ ሁ እጀምራለሁ ብዬ ነበር! ለካ አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ አንሶላ ስቀይር ጆሮዬ ሲማር ኖሯል። ቃሉ አለኝ፤ የጎደለኝ ግሱን በቦታው ማስቀመጥ ነው።

አስተማሪያችን ሊዲያ ትባላለች፤ ከመነን ብዙ አትበልጥም። አጠገቤ የሚቀመጠው ደግሞ ሊካሳ የሚባል የቄራ ሥጋ ነጋዴ ነው፤ ለፈረንጆች ምግብ ቤቶች መሸጥ ፈልጎ ነው የሚማረው። አንድ ቀን ሊዲያ «ፕረዘንት ፐርፌክት ማለት ድሮ ተጀምሮ እስካሁን ያላለቀ ነገር ሲሆን ነው» ብላ ምሳሌ ጠየቀችን። ሊካሳ እጁን አወጣና ከጠዋት ጀምሮ ሥጋ ሲቆርጥ መዋሉን በእንግሊዝኛ አንበለበለው።

«ጎበዝ! ግን ትናንትም ስለ ሥጋ፣ ዛሬም ስለ ሥጋ፤ ሌላ ርዕስ የለዎትም ጋሼ?» አለችው።

«አለኝ፤ ጉበት» አላት።

ስቀን ሳንጨርስ ወደ እኔ ዞረች። «ማዘር፣ እርስዎስ ካገቡ ስንት ዓመት ሆነዎት?»

«አይ ሃቭ ቢን ማሪድ ፎር ትዌንቲ ናይን ዪርስ» አልኩ።

«ትክክል! ስለዚህ አሁንም ባለትዳር ነዎት ማለት ነው።»

«እንግዲህ ሰዋስዉ እንደዚያ ካለ ምን አደርጋለሁ» አልኳት።

በሦስተኛው ሳምንት ግን አንድ ወረቀት አደለችን። ኮፒ ተደርጎ፣ ኮፒው ደግሞ ኮፒ ተደርጎ የገረጣ፣ በእጅ የተጻፈ መልመጃ ነው። በየዓረፍተ ነገሩ መሃል ባዶ ቦታ አለ፤ ግሱን እኛ እንሞላለን። ቁጥር አራት ላይ ስደርስ ስሜን አየሁ። ወደ አማርኛ ስመልሰው «ጀማነሽ ርእሰ መምህር ብትሆን ይህ ትምህርት ቤት በሰዓቱ ይከፈት ነበር» ይላል። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ሊዲያ ልታሾፍብኝ የጻፈችው መሰለኝ። ቁጥር ሰባት፦ «እኔ ስደርስ ጀማነሽ ችግሩን ፈትታው ነበር።» ይሄኔ ፊደሉን ጠጋ ብዬ አየሁት። «ዋይ» የምትባለዋን የእንግሊዝኛ ፊደል ጭራ እስከ ታችኛው መስመር የሚጎትት ሰው በዚህ ዓለም አንድ ብቻ ነው የማውቀው።

ቁጥር ዘጠኝ፣ ያለፈና ያልሆነ ነገር «ቢሆን ኖሮ» የሚባልበት ነው። «ጀማነሽ ትምህርቷን ባታቋርጥ ኖሮ ዛሬ እሷ የእኔ አስተማሪ በሆነች ነበር።»

ግሱን የምሞላው እኔ ነበርኩ፤ አልቻልኩም። እስክሪብቶዬን ጥዬ ወጣሁና ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ። ሊዲያ ተከትላኝ መጣች።

«ማዘር፣ አስቀየምኩዎት እንዴ?»

«ይህን ወረቀት ማን ሰጠሽ?»

«ዘጠነኛ ክፍል ያስተማሩኝ ቲቸር ታዲዎስ ናቸው። አስተማሪ የሆንኩት በእሳቸው ምክንያት ነው። መልመጃቸውን እስካሁን አልጣልኩም።»

«ጀማነሽስ ማን ናት?»

«እኛ እሳቸው የፈጠሯት ትመስለን ነበር። ክፍል ውስጥ ጎበዝ ሴት ስትገኝ ‹ጀማነሽ› ነበር የምንላት። እኔንም አንድ ዓመት ሙሉ እንደዚያ ብለው ጠርተውኛል።»

«የፈጠረኝ እግዜር ነው» አልኳት። «እሱ ያገባኝ ብቻ ነው።»

ልጅቷ አፏን በሁለት እጇ ይዛ ቀረች። ከዚያ አብራኝ ደረጃው ላይ ቁጭ ብላ እየሳቀች አለቀሰች። እኔም የትኛውን እንደማደርግ ሳላውቅ ሁለቱንም አደረግኩ።

ታዲዎስ፣ ያቺን ዓረፍተ ነገር ስንት ክፍል ሙሉ ልጅ ሞልቷታል? ለሰው ልጆች ሁሉ አከፋፍለህ፣ እኔን አንድ ቀን ማዕድ ላይ ሳትነግረኝ? ደግሞስ አስተማሪዬ ትሆን ነበር ያልካትን ሴት «ትዋረጃለሽ» የምትላት በምን ልብህ ነው? ሦስት ቀን ሙሉ ተናደድኩብህ። በአራተኛው ቀን ወረቀቱን አጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና ለቃለ መጠይቁ ተመዘገብኩ።

የጠየቀችኝ ኬንያዊቷ ሥራ አስኪያጅ ናት። ስንት ዓመት እንደሠራሁ ስትጠይቀኝ «አይ ሃቭ ወርክድ» ብዬ ጀመርኩ፤ አንተ ብትሰማኝ ጣትህን አትቀስርም ነበር። ቀጥላ «አንድ እንግዳ ከሠራተኞችሽ አንዷ ላይ ቢጮህ ምን ታደርጊያለሽ?» አለችኝ። «ኢፍ» ካልኩ በኋላ ያጠናሁት ሁሉ ጠፋ። በቃ ተነሳሁ። ሁለት ወንበር ጎትቼ፣ ይሄ እንግዳው፣ ይቺ ልጅቷ ብዬ መሃላቸው ቆምኩ። «ፈርስት፣ አይ ስታንድ ሂር። ዜን፣ አይ ሊስን» አልኳት። ሥራ አስኪያጇ ፈገግ ብላ ጻፈች። አመስግኜ በሩ ጋ ከደረስኩ በኋላ «ዉድ» የምትለዋን መዝለሌ ትዝ አለኝ። ተመልሼ «አይ ዉድ ስታንድ» ብዬ አረምኩት።

«አይ ኖው ዩ ዉድ» አለችኝ። እንደምታደርጊው አውቃለሁ ማለቷ ነው።

ባለፈው ረቡዕ ደብዳቤዬን ሰጡኝ። ሱፐርቫይዘር ሆኛለሁ። አሥራ አራት ሴቶች በእኔ ሥር ናቸው። የእንግሊዝኛ ስህተቴን ሰምተው ሲስቁ እኔም አብሬ እስቃለሁ፤ ከዚያ ትክክለኛውን እነግራቸዋለሁ። ከእነሱም ሁለቱን ሊዲያ ጋ አስመዝግቤያለሁ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ሊዲያ ነፍሰ ጡር ናት። ከገና በኋላ ማረፍ ስላለባት የቅዳሜውን ክፍል የሚይዝላት ሰው እየፈለገች ነው። «ቲቸር ይስማሙ ይሆን?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ምን አውቃለሁ አልኳት። ቆይቼ ደግሞ፣ እስቲ አደርስልሻለሁ አልኩ። እኔ ና አላልኩህም፤ የተላክሁትን ማድረሴ ነው።

ክፍሉ የሚጀምረው ጥር 2 ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ነው። ከአሰላ የመጀመሪያው መኪና ንጋት ላይ እንደሚነሳ መርጋ ነግሮኛል። ግን በዚያ የመጣ ሰው ተጣድፎ፣ ቁርስ ሳይበላ ነው ክፍል የሚገባው። ከዋዜማው መጥቶ ያደረ ይሻለዋል። የመኝታ ቤቱን አምፖል አስቀይሬዋለሁ፤ በአንተ በኩል ያለውን።

ተማሪዎችህ ይስሙህ፣ ጉልበትህም ደረጃ ላይ አይክዳህ። የሰማይ አምላክ በደህና ያቆይህ።

ባለቤትህ
ጀማነሽ